የኡስታ ሙስዒድ ልጅ

በሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ሂጅራ፣ በረጀብ ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ የሰንዓ የከሰዓት ዝናብ እንደ ልማዱ ጣለ፤ ጎርፉ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን ቦይ ሞልቶ ወደ ሰሜን ጋለበ፤ ነጋዴዎችም ዘቢባቸውን በሰሌን ሸፍነው ወደየቤታቸው ገቡ። በአንድ ባለ አምስት ፎቅ የጡብ ቤት ላይኛው ክፍል አሥራ አንድ ሰዎች ጫታቸውን ይዘው ተደርድረው ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ በፍራሽና በትራስ ተደፍነዋል፤ ይህም ለብርዱ አልነበረም። ኢማሙ ዘፈንና የዜማ መሣሪያ በከተማው እንዳይሰማ ካወጁ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ሲመታ የተገኘ መሣሪያው ይሰበርበታል፤ እሱም እግር ብረት ይገባል፤ ስለዚህ የሰንዓ ሰው ዘፈን ሲያምረው አስቀድሞ ትራስ ይቆጥር ነበር።

ቀንቡሱን የያዘው ኡስታ ሙስዒድ ቢን ናጂ ነው። ቀንቡስ ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራ፣ የፍየል ቆዳ የለበሰ፣ በሸማ ሥር ሊደበቅ የሚችል ትንሽ ባለ ጅማት መሣሪያ ነው፤ ሙስዒድ ከአባቱ ወርሶታል፤ አባቱም ከአባቱ። ጧት ጧት ራስ ይላጫል፤ «ኡስታ» የተባለውም በዚህ ሙያው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይዘፍናል። ሚስቱ ተቅያ በአራስ ቤትና በሴቶች ሰርግ ላይ ታዜማለች፤ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ከበሮ ይመቱላታል። እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦች ሰንዓ «ሙዘይን» ትላቸዋለች፤ መኳንንቱ ከነሱ ጋር አይጋቡም፤ ያለነሱ ግን ሰርግ አይደግሱም።

በዚያ ቀን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ጎድሏል። ሉጥፍ የሚባለው የበኩር ልጅ፣ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ የመዳብ ሳህን በሁለት አውራ ጣቱ ላይ አቁሞ በጣቶቹ እየመታ ሲያጅበው የኖረው፣ ወደ ዐደን ከወረደ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የሄደበት ምክንያት ግጥም ነው። በሙዘይኖች ቤት የሚዘፈነው ሊቃውንቱና የነቢዩ ዘር የሆኑት ሰይዶች የጻፉት ነው፤ ዘፋኙ ያደርሳል እንጂ አይጽፍም። ሉጥፍ ግን የራሱን ስንኝ ይቋጥር ነበር፤ አንዱን ለአባቱ ቢያሰማው ሙስዒድ ምላጩን ማፋጨቱን ሳያቋርጥ፣ «የኛ ሥራ ማድረስ ነው ልጄ፤ የተሸከሙትን የራስ ማድረግ ነውር ነው» አለው። አልተጣሉም፤ አልተመራረቁምም። ልጁ በሳምንቱ ከግመል ነጂዎች ጋር ወረደ።

ዘፈኑ ከመጋመሱ በር ተንኳኳ። ቀንቡሱ ከፍራሽ ሥር ገባ፤ ጫት ቃሚዎቹ ሁሉ ስለ ወይን ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ሁለት ዘቦች ደረጃውን ወጡና ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ «ኡስታ፣ ቃዲ ሙጠሃር ይፈልጉሃል» አለ።

«ምላጬን ልያዝ?»

«ምላጭ አያስፈልግም ብለዋል።»

ሙስዒድ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ክፉ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ።

ቃዲ ሙጠሃር በገዛ ቤታቸው እልፍኝ የሚያስችሉ፣ ቁጣቸው የዘገየ ሰው ነበሩ፤ ራሳቸውንም ሃያ ሁለት ዓመት የላጨው ይኸው ሙስዒድ ነው። ከፊታቸው ትልቅ ቀንድ የወጣለት ሣጥን ተቀምጧል።

«ግባ ኡስታ፣ ተቀመጥ። ይህን ሣጥን ታውቀዋለህ?»

ሙስዒድ ሣጥኑን አየ፤ ቀንዱን ግን ያላየ መሰለ። «የስኳር ሣጥን ይመስለኛል ጌታዬ።»

«ስኳር ውስጥ ተደብቆ ነው የመጣው፤ ይህም አብሮት።» ቃዲው አንድ ጥቁር ሸክላ አነሡ። «ከዐደን። ዘቦች በከተማው በር ላይ ያዙት። የምፈርደው ሰምቼ ነውና ልሰማው ነው።» ከዚያ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «መስኮቱን ድፈን።»

ጸሐፊው ትራስ በትራስ ላይ ይከምር ጀመር። ሙስዒድ ለጥቂት ጊዜ ታዘበው፤ ከዚያ ልማድ አሸንፎት ተነሣና፣ «በዚያኛው ጥግ ክፍተት አለ፤ የሚያመልጠው በዚያ ነው» ብሎ አንዱን ትራስ በእጁ ወተፈ። ቃዲው ዐይናቸውን ወደ መጽሐፋቸው መለሱ።

ሸክላው ዞረ። አስቀድሞ አንድ ሰው እንደ ገበያ ዐዋጅ ነጋሪ ጮኸ፤ «ፋኑስ ሸክላ! ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ድምፁም የሉጥፍ ቢን ሙስዒድ፣ የሰንዓው!» ያን ዘመን ሸክላ ሁሉ እንዲህ ስም እየተጠራበት ይጀምራል፤ ሌላ ነጋዴ ሰርቆ የራሴ ነው እንዳይል ነው። ከዚያ የቀንቡስ ድምፅ መጣ፤ ከዚያም ዘፈኑ።

የሰንዓ ዝናብ ሆይ፣ ደጅ ሳታንኳኳ የምትገባው፣
ለኔ የታገደውን በር ለአንተ ማን ፈቀደው?

ሙስዒድ ራሱን ደፍቶ ሰማ፤ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አልታየም። ጸሐፊው ሸክላውን ገለበጠ። በሰንዓ ወግ አንድ ዘፈን ሦስት አካሄድ አለው፤ በዝግታው ይጀመራል፣ ወደ መካከለኛው ይሻገራል፣ በፈጣኑ ያበቃል፤ ይህም ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ነው። የሸክላ አንድ ፊት ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ አይይዝም። ሁለተኛው ፊት ገና ሲጀምር ዘፋኙ ከዝግታው ወጥቶ በቀጥታ ፈጣኑን ያዘ፤ ሙስዒድም ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«መካከለኛውን ዘለለው!» አለ። «ወላሂ ዘለለው! ምን ዓይነት አህያ ነው ይህን ያስተማረው?»

ጸሐፊው አፉን በእጁ ያዘ።

«የጠራንህ እኮ ይህንኑ ልንጠይቅህ ነው» አሉ ቃዲው።

እልፍኙ ውስጥ ሸክላው መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲያንኳኳ ብቻ ይሰማ ነበር። ቃዲው በእጃቸው አቆሙት።

«ሉጥፍ የሚባል ልጅ አለህ።»

«አለኝ ጌታዬ። ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዷል።»

«ስማኝ ኡስታ። ከላይ ተጽፎልኛል፤ ነገሩ ከእጄ እንዳይወጣ ከፈለግህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ልጅህ መጥቶ እጁን ይሰጣል። ወይ ደግሞ፣ በሸክላው ላይ የሚዘፍነው ልጄ አይደለም ብለህ በመጽሐፉ ትምላለህ፤ መሐላህን መዝግቤ አሰናብትሃለሁ።»

«ጌታዬ፣ ብምል ያምኑኛል?»

«ማመን የኔ ሥራ አይደለም። እኔ የሚምሉትን እጽፋለሁ።»

ሙስዒድ ሣጥኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ስሙን ከነስሜ ጠርቶ ነግሮኛል» አለ በመጨረሻ። «እጄን መጽሐፉ ላይ ጭኜ አይደለም ልበል? አልችልም ጌታዬ።»

በዚያው ቀን እግር ብረት ገባ።

በሰንዓ እስረኛን የሚቀልበው ቤቱ ነውና ተቅያ በየቀኑ ገንፎና አብሽ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ግንብ ትመላለስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከፍርግርጉ ወዲህ ተቀምጣ አፈጠጠችበት።

«ማልና ውጣ። አንድ ቃል ናት፤ ከአፍህ ወጥታ ትሄዳለች።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የመጽሐፉ ነገር እንዲህ አይደለም። ደግሞስ ልጅሽን ነው አንድ ቃል የምትዪው?»

«እና እዚህ ልትሸብት ነው?»

«ሥራ አላጣሁም። እስረኛውን ሁሉ እየላጨሁ ነው።»

«የቃዲውን ራስ ብታይ ግን ታለቅሳለህ፤ አዲሱ ላጪ እንደ ዱባ ልጦታል። ትናንት ጥምጥማቸው ላይ ደም አይቻለሁ።»

ሙስዒድ ሳቀ፤ በሳቁ መካከል እግር ብረቱ ተንቀጫቀጨ። ተቅያ ድስቷን በጨርቅ ጠቀለለች። አርባ ዓመት በሰርግ ቤት ያዜመች ሴት ናት፤ የዘፋኟ ሥራ እየጠሩ ማወደስ ነው፤ ሙሽራዋን፣ አማቷን፣ አክስቷን እያለች ስም ትጠራለች፤ ያልተጠራች እንግዳ በሰርጉ ላይ እንዳልነበረች ይቆጠራል፤ የተጠራች ደግሞ ባትመጣም መጣች ይባላል።

«የመሰከረብህ ሸክላው ነው» አለችው። «ሸክላው ራሱ ሌላ ስም ቢጠራስ?»

«ድምፁ ያው ሆኖ?»

«ድምፁ ያው፣ ዘፈኑ ያው፣ ስሙ ሌላ። ያኔ እጅህን የምታሳርፍበት ነገር ታገኛለህ።»

ሙስዒድ አይሆንም አላለም። እሷም በማግሥቱ ሒዛም የተባለውን የእህቷን ልጅ፣ በቅሎ ነጂውን፣ ወደ ዐደን ላከች።

ሉጥፍ በዐደን በዚያ ወራት ደስተኛ ሰው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ሰገነት ላይ ይዘፍናል፤ ከታች የሚያልፈው ሱማሌውም፣ ሕንዱም፣ የወደብ ሠራተኛውም ቆሞ ይሰማዋል። በሰንዓ «ላጪው መጣ፣ ላጪው ሄደ» ሲባል ያደገ ሰው፣ የሸክላው ዐዋጅ ነጋሪ «ስምህን ንገረኝ፣ ከነአባትህ፣ ከነአገርህ» ባለው ጊዜ አንዱንም ሳያስቀር ነገረው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ በትራስ በታፈነ ክፍል ውስጥ ያደገ ዘፋኝ ድምፅ ከግድግዳው አልፎ እንደማይሄድ በልቡ ያምናል። ሸክላው በሁለት ወር ከዐደን አልፎ ሑደይዳ፣ ጂዳና ጅቡቲ ደረሰ፤ የፋኑስ ሸክላ ባለቤት ሐጂ ዑክባም ከጾሙ በኋላ ወደ ካይሮ ወስዶ በትልቅ የሙዚቃ ጓድ ሊያዘፍነው ቀጠሮ ይዞ ነበር።

ሒዛም አቧራውን ሳያራግፍ ገባ።

«እናትህ ሰላም ብላሃለች። አባትህ እግር ብረት ውስጥ ነው።»

«ምን አድርጎ?»

«አንተን ወልዶ። ስምህን ከነስሙ በሣጥን ውስጥ ጮኸህ ሰደድክበት እኮ!»

ሉጥፍ የያዘውን ቀንቡስ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ አኖረ።

«ደግሞ ሰድቦሃል» አለ ሒዛም፤ «በችሎት ፊት፣ በቃዲው ፊት። መካከለኛውን ዘለልክ ብሎ አህያ ብሎሃል።»

ሉጥፍ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲመለስ፣ «ነገ አብሬህ እወጣለሁ» አለ።

«ውጣ! እናትህም በአንድ ድስት ለሁለት እስረኛ ታብስል። እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም፤ ቁጭ በልና የላከችልህን ስማ።»

ሉጥፍ ሰማ። በማግሥቱ ወደ ሐጂ ዑክባ መደብር ሄዶ ያንኑ ዘፈን እንደገና ለማስቀረጽ፣ የመጀመሪያውንም ሸክላ ከገበያ ለማንሳት ጠየቀ። ሐጂው ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ በንግዱ ግን የማይቀልድ ሰው ነው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አንገቱን ጠረገ።

«ስም ያልተጠራበት ሸክላ ማን ይገዛኛል?»

«ስም ይጠራ ሐጂ። የኔ አይሁን እንጂ።»

«የማን ይሁን?»

«የሌለ ሰው። ሹዐይብ በሉት። የላሕጅ ሰው ይሁን፤ ላሕጆች የዘፈን ሰዎች ናቸው፣ ማንም አይጠራጠርም።»

«አንተ ልጅ፣ የምታደርገውን ታውቃለህ? ገበያው አንድን ድምፅ በሁለት ስም አይቀበለኝም። ዛሬ ሹዐይብ ካልክ ነገም ሹዐይብ ነህ፤ ካይሮም ሹዐይብ ነው የሚሄደው፤ ስትሞትም ሹዐይብ ሞተ ነው የሚባለው። ኋላ መጥተህ ብታለቅስ አልሰማህም።»

«አባቴ ብረት ላይ ተኝቷል፤ ሐጂ።»

ሐጂ ዑክባ ለጥቂት ጊዜ አየውና፣ «ሹዐይብ አባት የለውም» አለ፤ በጭካኔ ሳይሆን ዋጋውን እንደሚናገር ነጋዴ። ሉጥፍ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ተቀረጸ። በዚህኛው የዝግታውን ስንኝ አሳጥሮ፣ ሁለተኛውን ፊት ለመካከለኛው ሰጠው፤ ፈጣኑን መጨረሻ ላይ በጥቂት ምት ብቻ ነካው። የቀረጻው ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠይቆት አልነገረውም።

የተቀረጸው ሰም በመርከብ ባሕር ማዶ ሄዶ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል፤ ይህም በደኅና ጊዜ አምስት ወር ነው። በዚያ ዓመት ግን በአውሮፓ የጦርነት ወሬ ይናፈስ ነበርና መርከቦች ዘገዩ። የሰንዓ ብርድ ገባ፤ ሙስዒድ በግንቡ ውስጥ ክረምትና በጋውን አሳለፈ፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በብረቱ ቆስሎ መገለ፤ ማነከሱም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም። ሉጥፍ በዐደን ወደብ በየሳምንቱ እየወረደ የመርከብ ስም ይጠይቅ ነበር፤ በእነዚያ ወራት አንድ ግጥም እንኳ አልጻፈም። ሸክላው በሰባተኛው ወር ደረሰ፤ ሒዛምም ተቀብሎ ወደ ሰንዓ ይዞት ወጣ፤ በከተማው በር ላይ ሲደርስም ከበቅሎው ጭነት ላይ ዘቦች በግልጽ እንዲያዩት አድርጎ አኖረው። ወዲያው ተያዘ።

ቃዲው ችሎት ተቀመጡ። ራሳቸው ላይ ሦስት ጠባሳ ነበር። መስኮቱ ተደፈነ፤ ሙስዒድን ከነብረቱ አስገቡት፤ ሸክላውም ዞረ።

«ፋኑስ ሸክላ! ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ድምፁም የሹዐይብ፣ የላሕጁ!»

ያው ድምፅ ያንኑ ዝናብ ጠየቀ። ጸሐፊው ሸክላውን ሲገለብጥ መካከለኛው አካሄድ ተነሣ፤ ምቱ የተስተካከለ፣ የማይቸኩል፣ የአባቱ የእጅ ልማድ አንድ በአንድ የሚሰማበት። ሙስዒድ ዐይኑን ጨፈነ። የቀኝ እጁ ጣቶች በጉልበቱ ላይ ምቱን ተከተሉት፤ ሸክላው ሲያልቅ ቆሙ።

«ያ ሉጥፍ ነኝ አለ፤ ይህ ሹዐይብ ነኝ አለ» አሉ ቃዲው። «ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ስም ሐሰት ነው። አንተ የትኛው ነው ትላለህ?»

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ እስኪደርቅ ጠበቀ።

«መጽሐፉን አምጡልኝ» አለ ሙስዒድ።

አመጡለት። እጁን ጫነና፣ «በዚህ ሸክላ ላይ የዘፈነው ሰው፣ በላዩም የተናገረው ሰው፣ ልጄ አይደለም» ብሎ ማለ። ቃሉን አላጉረመረመም፤ አላሳጠረምም። ቃዲው አስጻፉ፤ ማኅተም አደረጉ፤ ብረቱም በዚያው ተፈታ። ሲወጣ፣ «ኡስታ፣ ነገ ጧት ምላጭህን ይዘህ ና» አሉት፤ እሱም «እሺ ጌታዬ» አለ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሙስዒድ፣ መሐላ ያፈረሰ ሰው የሚጾመውን ሦስት ቀን፣ በየወሩ ይጾም ጀመር። ተቅያ ለምን እንደሚጾም እያወቀች ጎረቤት ፊት ብትጠይቀው፣ «ለሆዴ ነው፤ ሐኪም አዞልኛል» ይል ነበር።

በሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ዓመተ ሂጅራ ሙስዒድ ዐይኑን ሊታከም ወደ ዐደን ወረደ። በዚያን ጊዜ ሹዐይብ የላሕጁ በየሰገነቱ የሚፈለግ፣ ሠርገኛ በወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሆኖ ነበር። አባቱን ወደብ አጠገብ ካለ ዓሣ ቤት ውስጥ አገኘው፤ ሮጦ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ሙስዒድ በትከሻው ያዘው።

«ሸህ ሹዐይብ፣ ደኅና ነዎት?» አለው።

ሉጥፍ ቀና አለ። «አባቴ፣ እዚህ ሰንዓ አይደለም፤ ማንም አይሰማንም።»

«እኔ እሰማለሁ።» ሽማግሌው ቁራሽ ዳቦ ወስዶ ዓሣውን ጠቀለለ። «ማልኩ እኮ። ተገድጄ አይደለም፤ ሰባት ወር አስቤበት ነው። እኔ ብሞትም መሐላው አብሮኝ አይሞትም፤ ተጽፏል። አታስዋሸኝ።»

«እስከ መቼ?»

«መቼ የሚባል ነገር የለውም።» ትንሽ ካኘከ በኋላም ጨመረ፤ «የዝናቡ ግጥም ጥሩ ነው። የጻፈው ሰው አባት ቢኖረው ኖሮ ይኮራ ነበር።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በሐጂ ዑክባ ሰገነት ላይ አብረው ተጫወቱ፤ አባት ቀንቡሱን ይዞ፣ ልጅ የመዳብ ሳህኑን በአውራ ጣቶቹ ላይ አቁሞ። እንግዶቹ ታላቁ ሹዐይብ ለማይታወቅ የሰንዓ ሽማግሌ አጃቢ መሆኑን አይተው ትሕትናውን አደነቁ። ሙስዒድ አሥር ቀን ሰንብቶ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ዓመት ብዙ ሕዝብ በፈጀው ትኩሳት ሞተ። በእነዚያ አሥር ቀናት ልጁን አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ አልጠራውም።

ሹዐይብ አርባ ሁለት ዘፈኖች አስቀረጸ፤ ካይሮም ሄደ፣ ቦምቤይም ሄደ። ኢማሙ ተገደሉ፤ ልጃቸው ነገሡ፤ እሳቸውም ሞቱ፤ ከዚያም ወታደሮች ቤተ መንግሥቱን በመድፍ መትተው የኢማሞችን ዘመን ዘጉ። በሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ዓመተ ሂጅራ፣ የሰንዓ ራዲዮ ታዋቂውን ሹዐይብ የላሕጁን ለቀረጻ በጠራው ጊዜ፣ ሉጥፍ ከወጣ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ተወለደበት ከተማ ገባ። እናቱ አርፋለች፤ እህቶቹም ባል ተከትለው ወደ ሩቅ አገር ሄደዋል፤ የሚያውቀው ሰው አላገኘም።

በራዲዮ ጣቢያው የሸክላ ክፍሉ ሹም ሙጀሊ የሚባል፣ ካይሮ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነበር። በሩን ዘግቶ ሁለት ሸክላዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህንን ከኢማሙ ዘቦች ግምጃ ቤት ነው ያገኘሁት፤ ከዚህ ሌላ ያለ አይመስለኝም» አለ አንዱን እያሳየ። «ሁለቱን አስከትዬ ሰማኋቸው፤ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። አባቴ፣ እርስዎ ሉጥፍ ቢን ሙስዒድ ነዎት።»

ሽማግሌው አልካደም። «አሰማኝ» አለ።

ሙጀሊ መርፌውን አሳረፈ። «ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ድምፁም የሉጥፍ ቢን ሙስዒድ፣ የሰንዓው!»

«እንደገና።»

እንደገና ተጠራ።

«አንድ ጊዜ ድገመው። ዘፈኑን ተወው፤ መጀመሪያውን ብቻ።»

ሙጀሊ ደገመው፤ ከዚያ መርፌውን አንስቶ ወረቀቱን ሳበ። «በስምዎ ልጽፈው ነው። የቃዲው መዝገብም አለ፤ የአባትዎ መሐላ ከነማኅተሙ። ስለ ድሮው ዘመን ግፍ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናትማቸዋለን።»

«ያለ መሐላው አይሆንም?»

«ማስረጃው እሱ ነው እኮ። አባቴ፣ ተገደው ነው የማሉት፤ ማንም አይፈርድባቸውም።»

«እሱ ይፈርዳል።»

«የሞተ ሰው?»

ሉጥፍ ወጣቱን በትዕግሥት አየው። «አንተ የምትለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ተምረሃል። እኔ ግን የአባቴን እጅ ከመጽሐፉ ላይ የማነሣበት ሥልጣን የለኝም። ሹዐይብ ብለህ ጻፍ።»

«ይህ ሉጥፍስ ማን ነው ልበል?»

«አንድ ሸክላ አስቀርጾ የጠፋ ልጅ ነበር በል። ውሸት አይሆንብህም።»

ሙጀሊ ለረጅም ጊዜ ብዕሩን አላንቀሳቀሰም፤ በመጨረሻ ጻፈ። ከስሙ ቀጥሎ ሌላ ባዶ መሥመር ነበር። «የአባት ስም?»

ሽማግሌው ከንፈሩን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። «ባዶ ተወው» አለ።

ሹዐይብ የላሕጁ ከአራት ዓመት በኋላ በዐደን ሲሞት ብዙ ሰው ቀበረው። ላሕጆች ዛሬ የተወለደበት ቤት ይህ ነው ብለው አንድ ቤት ያሳያሉ፤ አብረውት ቦይ ውስጥ ሲዋኙ እንዳደጉ የሚተርኩ ሽማግሌዎችም አሉ፤ እነሱም የሚዋሹ አይመስሉም፤ ዘፈኑን ብዙ ስለ ሰሙት የሰውየውን ልጅነት ያስታወሱ መስሏቸዋል። ስለ ዜማ የሚጽፉ ሊቃውንት በበኩላቸው ሉጥፍ የሚባለውን የሰንዓ ሰው በአንድ መሥመር ያነሡታል፤ የሹዐይብን አካሄድ የቀዳ፣ ሳይሳካለት የቀረ አጃቢ ይሉታል፤ ቀኑን ቢያመሳክሩት ኖሮ የሉጥፍ ሸክላ ቀድሞ እንደወጣ ያገኙት ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሊያመሳክር አልተነሣም። የኡስታ ሙስዒድን ዘፋኝነት የሚናገር ጽሑፍ የለም። ስሙ የሚገኘው በቃዲ ሙጠሃር መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ምሎ ተፈታ ይላል፤ መሐላው ሐሰት ነው ብሎ የተቃወመም እስከ ዛሬ አልቀረበም።